ከበላዬ የምትተኛው ፕሬዚዳንት

ሚያዝያ 5፣ ማክሰኞ

ለጠፉት። ከመመገቢያ አዳራሹ በር ጎን፣ ማንም ሳያየው የማያልፍበት ቦታ ላይ። «የዓመቱ ምርጥ የተማሪዎች በጎ አገልግሎት ዕጩ፦ የንባብ ክፍል። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍትን በድምፅ የሚቀርጽ ክበብ። መሥራችና ፕሬዚዳንት» ይልና የእሷ ስም። የእሷ ብቻ። ፎቶም አለው። እሷ መሃል ላይ፣ ዳኛው የምንለው ዓይነ ስውር ተማሪ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ከጎኗ፣ ሁለቱም ፈገግ ብለው። ያ ፎቶ ሲነሳ እኔ የት ነበርኩ? ከካሜራው ውጪ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የሰቀልነው ፍራሽ ወልቆ፣ በሁለት እጄ ደግፌው ቆሜ።

መኝታ ክፍል ስገባ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትቆርጣለች። ሦስተኛ ዓመታችን ነው በአንድ ተደራራቢ አልጋ፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች።

«አየሽው?» አለችኝ።

«አየሁት። ደስ ይላል» አልኳት።

ደስ ይላል! ምላሴን ይቁረጠው።

ስሟን እዚህ ደብተር ላይ አልጽፈውም። ከዛሬ ጀምሮ ፕሬዚዳንቷ ናት።

ሚያዝያ 6፣ ረቡዕ ማታ

ነገሩ የተጀመረው በእኔ ነው። ኋላ እኔው ራሴ እንዳልጠራጠር እጽፈዋለሁ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለን ነው። የሕግ ትምህርት ክፍል ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት አንድ ልጅ ነጭ ዘንግ ይዞ ቆሟል። «የፈተና ፕሮግራሙን የሚያነብልኝ ሰው አለ?» ይላል። ሰው ሁሉ የራሱን ቀን ለማየት ይጋፋል፤ አንዱ እንዲያውም ዘንጉን ረግጦበት አለፈ። ቀረብ ብዬ አነበብኩለት። «ድምፅሽ ለችሎት ይሆናል» አለኝ። «አንተስ?» ስለው «እኔማ ዳኛ ነኝ፤ የቀረኝ ሹመቱ ብቻ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ግቢው ሁሉ ዳኛው ነው የሚለው። መጻሕፍቱ በወረቀት የታተሙ ስለሆኑ ስልኩ አያነብለትም፤ የግድ ሰው ማንበብ አለበት። እኔ በስልኬ እየቀረጽኩ ሰጠሁት። በመጀመሪያው ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጣ።

ታዲያ ማታ ማታ ወደ ላይ አንጋጥጬ ይህን ሁሉ ለማን ነበር የምተርከው? ለእሷ። «እንደሱ ያሉ ስንት ልጆች አሉ?» ብላ ከአልጋዋ ቁልቁል አንገቷን አስግጋ አየችኝ። «ክበብ ብናደርገውስ?» ማመልከቻውን እሷ ጻፈች። የተማሪዎች ዲኑን ደጅ የጠናችው እሷ ናት። ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የተሰባበረ ወንበር የታጨቀበትን መጋዘን አስለቀቀች፤ አንባቢዎችን ከየትምህርት ክፍሉ እየዞረች ለመነች። ይሁን፣ አልካድኩም። ግን ሐሳቡ የማን ነው? ድምፁስ የማን ነው?

አሁን ከበላዬ ተኝታ ታንኮራፋለች። ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

ሚያዝያ 8፣ ዓርብ

የምሳ ሰልፍ ላይ። ከኋላዬ ሁለት የአንደኛ ዓመት ልጆች ነበሩ።

«ይቺ የንባብ ክፍሏ ልጅ አይደለችም?»

«ኧረ እሷ ሌላ ናት። ይቺ ረዳቷ ናት።»

ረዳቷ!

ሳህኔን ይዤ የት እንደተቀመጥኩ አላስታውስም።

ሚያዝያ 10፣ እሑድ

እማዬ ደወለች። ገና ሰላም ሳንባባል «ያቺ ልጄስ ደህና ናት?» አለችኝ። ያቺ ልጄ የምትላት ፕሬዚዳንቷን ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት ዕረፍት በመጣ ቁጥር እኛ ቤት ነበር የምትከርመው።

«ደህና ናት።»

«ማሩ ደረሳችሁ? ለሁለታችሁ ነው የላክሁት፤ ብቻሽን እንዳትልሺው። አንቺን አውቅሻለሁ።»

«እሺ እማዬ።»

ማሩ ከልብሶቼ ሥር ነው። መድረሱንም አልነገርኳት።

ሚያዝያ 13፣ ረቡዕ ማታ

አገኘሁት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የሽልማት ኮሚቴው ክፍሉን ሊጎበኝ ይመጣል፤ ተጠቃሚዎቹን አንድ በአንድ ያነጋግራል። ይምጣ! ፕሬዚዳንት ያለ ድምፅ ምን እንደምትሠራ አብረን እናያለን። አልጮህም። አልከሳትም። ከእሷ ጋር አፍ አልካፈትም። ዝም ብዬ ንባቤን አቀዘቅዛለሁ። ለዳኛው የውርስ ሕጉን የማነብለት እኔ ነኝ፤ የቀረን የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፣ ስለ ውርስ ክፍፍል የሚናገረው። ይቆይ።

ዳኛው ይጎዳ ይሆን? ትንሽ ቢዘገይ ምን ይሆናል፤ የመመረቂያ ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። ደግሞስ እኔ ምን አገባኝ? ረዳት አይደለሁ? ኃላፊዋ ትጠየቅ።

ካሰብኩት በኋላ ቀለል አለኝ። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እራቴን ጠግቤ በላሁ።

ሚያዝያ 19፣ ማክሰኞ

ከአንባቢዎቻችን ሁሉ ድምፁ የሚወደደው ዜና አንባቢው የምንለው ጎርናና ልጅ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አገኘሁትና እንዲያው ነገሩን ጣል አደረግሁለት። «ለመሆኑ ዕጩነቱ ሲታወጅ ስምህን አንድ ቀን አንስታልህ ታውቃለች?» አልኩት። ቆም ብሎ አሰበ። «እውነትም አላነሳችውም» አለ። ዛሬ ተራው ነበር፤ አልመጣም። ሁለት ጓደኞቹንም ይዞ ቀረ።

እኔ ቅሩ አላልኳቸውም። ጠየቅሁ እንጂ።

ሚያዝያ 26፣ ማክሰኞ

ዳኛው ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

«የክፍፍሉ ምዕራፍ የት ደረሰልኝ?»

«ጉሮሮዬን አሞኛል።»

«ታዲያ አሁን የምታወሪኝ በምንሽ ነው?»

ሳቅን። ከዚያ እሱ ሳቁን ቀድሞኝ አቆመ። «ስታነቢልኝ የነበረው ድምፅሽ ሌላ ነው። የአሁኑ ጥርሱን የነከሰ ድምፅ ነው። ሰው አስቀይሞሻል?»

«ማንም አላስቀየመኝም» አልኩት።

«እግዜር ይማርሽ ለጉሮሮሽ» ብሎ ሄደ።

የዚህ ሰው ጆሮ ያስፈራኛል።

ግንቦት 3፣ ማክሰኞ

ፕሬዚዳንቷ የቀሩትን ሰዎች ተራ ራሷ እያነበበች ነው። ከክፍል ወጥታ በቀጥታ ምድር ቤት፤ ከዚያ ስትመለስ ድምፅ የላትም። ያገኘችው መጽሐፍ ላይ ሁሉ ትዘምታለች፤ የታሪኩ፣ የሥነ ልቡናው፣ የምጣኔ ሀብቱ። የውርስ ሕጉን ግን «እሱ ያንቺ ነው» ብላ አትነካውም። ዛሬ በእጅ ምልክት ነው ሻይ ያዘዘችው። ማታ ከላይ ስታስል አልጋው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም አብሬ እንቀጠቀጣለሁ።

«ተራ የገባው ሁሉ ቀረብኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ምን ነካቸው?»

«እንጃ» አልኳት። «ፈተና ደርሶባቸው ይሆናላ።»

ማሩ ከሥሬ፣ ከእጄ አንድ ክንድ የማይርቅ ቦታ ላይ ነው። ሳሏ ደረቅ ነው፤ አንድ ማንኪያ ቢያለሰልሰው ያለሰልሰው ነበር።

ትሳል።

ግንቦት 11፣ ረቡዕ

ዳኛው ዛሬ የክፍል ፈተና ነበረበት። የክፍል ፈተና እንዳለበት አልነገረኝም። ወይም ነግሮኛል፤ አልሰማሁትም።

ከፈተናው ሲወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዘንጉን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ጥያቄው በሙሉ ስለ ክፍፍል ነበር። ለሚጽፍልኝ ልጅ ምን ልበለው? ስሜን ጻፍልኝ አልኩት፤ ጻፈልኝ፤ ሰጠን ወጣን። ስሜ በትክክል ስለተጻፈ ለእሱ ነጥብ ካላቸው ይስጡኝ።»

ቀልዱ ነው። አልሳቀም ግን።

ደሜ ፈላ። በማን? በእሷ ነዋ! አንባቢ ሲጎድል የማሟላት ግዴታው የማን ነው? ስሙ የተለጠፈው የማን ነው? «ፕሬዚዳንቷን ጠይቃት» አልኩት። «ኮሚቴው ሲመጣም እውነቱን ንገራቸው። ምንም ሳትፈራ።»

«እውነቱን?»

«አዎ፣ እውነቱን።»

«እሺ» አለ። ያቺ እሺ ያላት ግን አልጣመችኝም።

ግንቦት 12፣ ሐሙስ

ጥፋቱ የእሷ ነው። ስሟ እስከተለጠፈ ድረስ ጥፋቱ የእሷ ነው። ምዕራፉን ገለጥኩት። ዘጋሁት። የእሷ ነው።

ግንቦት 20፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። ኮሚቴው ማክሰኞ ይመጣል። ፕሬዚዳንቷ ክፍሉን እንድጠርግ ለመነችኝ። ጠረግሁላት። የሠርግ ቤት አስመሰልኩላት። ታዳሚው ሲበዛ ውርደቱም ይደምቃል።

ግንቦት 24፣ ማክሰኞ ማታ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አራት ሆነው መጡ። ዲኑ፣ ሁለት መምህራንና ፎቶ አንሺው። ፕሬዚዳንቷ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ያለቀ ድምፅዋን እየጎተተች አስረዳች። ፍራሾቹን፣ መቅረጫውን፣ ሰው የማይቀመጥባቸውን የአንባቢ ወንበሮች አሳየች። «አንባቢዎቹ የት አሉ?» አሏት ዲኑ። «ዛሬ ክፍል አላቸው ጋሼ» አለች። እኔ ከፍራሹ ጥግ ተለጥፌ ቆሜአለሁ። አሁን፣ አሁን አልኩ በሆዴ።

ዲኑ ዳኛውን «እስቲ አንተ ንገረን፤ ይህ ክፍል ምን ጠቀመህ?» አሉት።

ዳኛው ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው ኮቱን ቆለፈ።

«እውነቱን እንድናገር የመከረችኝ ሰው ስላለች እናገራለሁ» ብሎ ጀመረ። «ይህ ክፍል ባይኖር እኔ ዓመት ተቆጥሮልኝ ከዚህ አልደርስም። ይህ ይመዝገብልኝ። ቀጥሎ፣ ደጅ የለጠፋችሁት ፎቶ ላይ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ማዳመጫ ገመዱ ከምንም ጋር አልተያያዘም ነበር። አድርግ ተባልኩ፣ አደረግሁ። ፈገግ በል ተባልኩ፣ ፈገግ አልኩ። ዓይን ያለው ሰው እንዲህ ሲያደርጉት የሚናደድ ይመስለኛል።»

ፕሬዚዳንቷ ወለሉን አየች። እኔ አየኋት። ስንት ሳምንት የጠበቅሁት ፊት ይህ ነው፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለዚያች ቅጽበት።

«ሌላው» አለ ዳኛው፤ «የውርስ ሕግ መጽሐፌ ላይ ስለ ክፍፍል የሚናገር ምዕራፍ አለ። አልተነበበልኝም፤ ፈተናም ወደቅሁበት። ደግነቱ በተግባር ተምሬዋለሁ። ሁለት ወራሾች አሉ። ሟቹ ገና ሳይሞት ንብረቱን ተሻሙበት። አንዷ ስሙን ወሰደች፤ ሌላዋ ድምፁን ይዛ ሄደች። ሟቹ እኔ ነኝ።»

አንደኛው መምህር ሳቀና ሌላ የሚስቅ ሰው ሲያጣ ወደ ሳል ለወጠው።

«ሌላዋ ማን ናት?» አሉ ዲኑ።

አንድም ቃል አልተነፈስኩም ነበር። ዳኛው ግን ፊቱን ወደ እኔ ጥግ መለሰ። «እዚያ ናት፣ ከፍራሹ ጋር። ጉሮሮዋን ከማሳመም ሽቶዋን ብትለውጥ ይሻላት ነበር።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ፎቶ አንሺው እንኳ።

መሬት አልተከፈተችም። ብትከፈት ምን ነበረበት?

 በእሱ ነው የተናደድኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ያነበብኩለት እኔ! ውለታዬን በሰው ፊት እንዲህ ይመልሳል? እሱም ተራውን ይጠብቅ።

አይ። ምን ላደርገው ነው? ሌላ ምን ቀረኝ የማላደርገው?

ግንቦት 25፣ ረቡዕ

ፕሬዚዳንቷ ቀኑን ሙሉ ከአልጋዋ አልወረደችም። ማምሻውን ወረደችና እንደ ድሮው መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንባቢዎቹን ያስቀረሽው አንቺ ነሽ፣ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን አልሰደብሽኝም? ፀጉሬን ብትነጪኝ ምን ነበር? እኔ አስላለሁ፣ አንቺ ከሥሬ ተኝተሽ ታዳምጫለሽ?»

«አንቺስ ስሜን ለምን አላስገባሽም?»

ሻርፗን ፈታ እንደገና ጠመጠመችው። «ዲኑ ‹የአንድ ሰው ስም ስጪኝ› አሉኝ። ያንቺን ልሰጥ አስቤ ነበር ብልሽ...» ራሷን ነቀነቀች። «አልዋሽሽም። አላሰብኩም። ወዲያው የራሴን ሰጠሁ። ስሜን ተለጥፎ ሳየው ደስ አለኝ። ማንም ኖሮኝ አያውቅም፣ ተለጥፎ የሚያይልኝ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አየሁት።»

«እማዬ ታይልሽ ነበር» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።



«እሺ፣ አንቺ ብትሆኚስ?» አለችኝ። «‹አንድ ስም› ቢሉሽ?»

«ያንቺን እሰጥ ነበር።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳል ሳል በሚል ድምፅ ሳቀች። «ውሸታም!» ብላ መሰላሉን ወጣች።

ውሸታም አይደለሁም። አይመስለኝም።

ሰኔ 2፣ ረቡዕ

ዕጩነቱ ተሰረዘ። ማስታወቂያው ከመመገቢያ አዳራሹ በር ተነሣ፤ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ዲኑ ክፍሉንም ሊያሽጉት ነበር። ዓይነ ስውራኑ ተማሪዎች ዘንጎቻቸውን ይዘው ቢሮአቸው በር ላይ ተቀመጡ። ዲኑ መውጫ ሲያጡ ክፍሉን ለተማሪዎቹ ሰጧቸው። አሁን ክፍሉን የሚመሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሰብሳቢው ዳኛው ነው። አዲስ ማስታወቂያ ወጣ፦ «አንባቢዎች እንፈልጋለን። የድምፅ ፈተና አለ።»

አልሄድም ብዬ ማልኩ። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ ሁለት ሰው ዘሎ ፕሬዚዳንቷ ቆማለች። ፕሬዚዳንት መባሏ ቀርቷል፤ እኔ ግን ሌላ ስም ላወጣላት አልፈልግም። ዜና አንባቢው እንኳ መጥቶ ነበር፤ ሲያየኝ ዓይኑን አሸሸ።

ተራዬ ደረሰ። አንድ ገጽ አነበብኩ።

«ድምፅሽ ያው ነው» አለ ዳኛው። «አነባበብሽ ግን ሰባሪ ነው፤ ከመጽሐፉ ጋር የተጣላሽ ይመስላል። ቀስ በይለት።»

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነበር...»

«እሱን ከፈተናው በኋላ። አሁን ጆሮዬ ሥራ ላይ ነው። የክፍፍሉን ምዕራፍ ለሁለት ከፍየዋለሁ። ፊተኛው ግማሽ ያንቺ፣ ኋለኛው የእሷ።»

«ከእሷ ጋር አላነብም።»

«ከእሷ ጋር አንብቢ ማን አለሽ? ከመጽሐፉ ጋር ነው የምታነቢው።» ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። «ቀጣይ!»

ሰኔ 9፣ ረቡዕ

መጋዘኑን በቀጭን ጣውላ ለሁለት ከፍለውታል። እኔ በዚህ ጎን፣ እሷ በዚያኛው። ስገባ እሷ በሩን ያዘችልኝ፤ አመሰግናለሁ አላልኳትም። ዳኛው ለፈተናው ዓርብ ይቀመጣል።

ድርሻዬን ቀድሜ ጨረስኩ። ቀስ አልኩለት። ቃሉን ሁሉ ሙሉ ለሙሉ፣ ነጥቡ ላይ እየቆምኩ። መቅረጫውን አጠፋሁ። ያኔ ጣውላውን አልፎ ድምፅዋ መጣ። ገና አልዳነም፤ ትሻክራለች። ዝም ብዬ አዳመጥኳት፤ ምክንያት አልነበረኝም።

«በክፍፍሉ ጊዜ ሳይገኝ የቀረ ወራሽ ድርሻውን ሊጠይቅ አይችልም» ብላ አለፈች።

አይችልም? መጽሐፌን ገለጥኩት። «ይችላል» ነው የሚለው። አንዲት ፊደል አይደለም የተሳሳተችው፤ ሕጉን ነው የገለበጠችው። አላወቀችም፤ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ሄደች።

ደስታዬን እንዴት ልጻፈው? ዳኛው የሰማውን አይረሳም። ፈተናው ላይ እንደሰማው ይመልሳል፤ ይወድቃል፤ ከዚያ ቅጂውን ይከፍታሉ፤ ድምፁ የማን ነው? የእሷ! እኔን ማን ይጠረጥረኛል? ድርሻዬን አጥርቼ አንብቤአለሁ። ያን ሁሉ ሳምንት ስቆፍር ያላገኘሁትን እሷው በገዛ አፏ አመጣችልኝ። መጽሐፌን ዘጋሁ። ቦርሳዬን አነገትኩ። እንዲያውም በሩ ድረስ ሄጃለሁ፤ እጀታውንም ይዣለሁ።

ተመለስኩ። ጣውላውን በጡጫዬ ደበደብኩት።

«ምንድን ነው?» አለች፤ ደንግጣለች።

«ይችላል ነው የሚለው! አይችልም አይደለም። ከአንቀጹ መጀመሪያ ጀምሪው።»

 ገጽ ስትገልጥ ተሰማኝ።

«እውነትሽን ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ «አዳምጪኝ እስቲ፣ ሌላም እንዳልሳሳት» አለች።

ቦርሳዬን ሳላወርድ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጀርባዬን ለጣውላው ሰጥቼ። ጉሮሮዋን ጠረገችና ከመጀመሪያው አነበበችው። እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ሌላ ስሕተት ይኖራል ብዬ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ቃል በቃል ተከታተልኳት። አንድም የለም። በዚያ በሻከረ ድምፅዋ፣ ከእኔ አስበልጣ አነበበችው።

ይሄ ነው ያናደደኝ።